ከመርዶ በፊት ሦስት ዘፈን

«መጀመሪያ ትዝፈን። ሦስት ዘፈን ናት፤ ዘፍና ስትወርድ እንነግራታለን። አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት፤ በደንብ ትደርሳለች።» ይህን የሰማሁት በገዛ ቤቴ፣ ከማድ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ፣ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነው። የተናገሩት አቶ ሐብተማርያም ናቸው፣ ናይሮቢ ያለን ሐበሾች ማኅበር ሊቀ መንበር። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከስምዖን ጋር ሲመጡ የባንዱን ስፒከር ሊወስዱ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች እኔ ሳሎን ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን ተገትረው ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ሰው የሚቀመጠው ከነሱ በተረፈው ቦታ ነው። ቀኑ ጳጉሜ ሦስት፣ ቅዳሜ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል፤ የማኅበሩ ባንድ ዌስትላንድስ በኩል ካለው ፓርክ ውስጥ የሚሊኒየሙን ኮንሰርት የሚያሳይበት ቀን። «ትዝፈን» የተባለችው ማን እንደሆነች ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ባንዱ ያለችው አንዲት ዘፋኝ ብቻ ናት። ግን ልብ አንዳንዴ አላውቅም ብሎ ድርቅ ይላል። ቆሜ ስኳሩን ሳማስል ስምዖን «ወይዘሮ ጽጌረዳ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጽጌረዳ እህቴ ናት። ታላቄ። የእህቴን ሞት የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ፣ በዘፈን ፕሮግራም መሐል ሰዓት ሲወጣላት።

ትሪውን አልጣልኩም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የያዘውን ይጥላል ይላሉ፤ እኔ ግን መጋረጃውን በክርኔ ገልጬ ገባሁ፣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፣ ከዚያ ቁጭ አልኩና የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት። ሐሊና እዚያው ናት፤ ከስስ ግድግዳ ማዶ ልብሷን እየተኮሰች ታንጎራጉራለች። ሐሊና የጽጌረዳ የመጨረሻ ልጅ ናት፣ እኔ ዘንድ መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ። አቶ ሐብተማርያም ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። «አይዞሽ አስናቀች፣ ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አሉኝ በሹክሹክታ። እህቴ ሞታብኝ ያገኘሁት ማጽናኛ «ቀስ በይ» ነው። ትናንት ማታ ነው ያረፈችው አሉ፤ ስኳሩም ኩላሊቱም ተባብረው። ወንድ ልጇ ዓምደሚካኤል ከአዲስ አበባ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለሊቀ መንበሩ ነው። አልፈርድበትም፣ ደንባችን ነው። ሐዘንተኛውን በቀጥታ አይነግሩትም፤ ለሽማግሌ ይነገራል፣ ሽማግሌው ሰው ይሰበስባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እኔም ራሴ ስንቱን አርድቻለሁ፤ እኛ ሰፈር ኢስትሊ ውስጥ በማለዳ ተሰልፌ ያልወጣሁት ደረጃ የለም። ቀብር ግን ደንባችንን ጠብቆ አይውልም። እኔ መሄድ አልችልም፣ የያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ነው፣ አገር ቤት አያስገባኝም። ሐሊና ግን ፓስፖርት አላት፣ ዌስትላንድስ ቢሮ ውስጥ ትሠራለችና የሥራ ፈቃድም አላት፤ ሁለት ሰዓት በምትሆን በረራ ሄዳ እናቷን መቅበር ትችላለች። ዓምደሚካኤልም ቀብሩን ወደ እሑድ ያሸጋገረው ለእሷ ብሎ ነው።

«አሁኑኑ ይነገራት» አልኩ ነጠላዬን ከአፌ አውጥቼ። አቶ ሐብተማርያም እጃቸውን አወናጨፉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ የዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ ነገር ሁሉ በስብሰባ የሚፈታ የሚመስላቸው ሰው ናቸው። ለፓርኩ ፈቃድ ስንት ቢሮ እንደተመላለሱ፣ ለጄኔሬተሩና ለድንኳኑ ኪራይ ስንት እንደወጣ ነገሩኝ፤ የሐሊና ፎቶ ያለበት ፖስተር ከኢስትሊ እስከ መሃል ከተማ ተለጥፏል። «ክቡር እንግዳ ይመጣሉ። ዘፋኟ ከሌለች ባንዱ ምንድን ነው? ከበሮና ኪቦርድ! ስድስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ እሷ መጀመሪያ ትወጣለች፣ ሰባት ሰዓት ላይ ትወርዳለች፣ መኪናዬ በር ላይ ይቆማል። ደግሞ ለሷም ብለን ነው እኮ። አሁን ብትሰማ እዚህ ወለል ላይ ስትፈጠፈጥ ትውላለች እንጂ አውሮፕላኑ እንደሆነ ከአሥራ አንድ በፊት አይነሳ።» እውነት ነው፣ አይነሳም። ስምዖን ባንዱ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፣ እንጀራው ግን መሃል ከተማ ካለ የትኬት ቢሮ ነው፤ ወንበር ይዞላታል። «እስከ አሥር ሰዓት ኤርፖርት መግባት አለባት» አለ ሻዩን እያየ። «ከአሥር ካለፈ ይዘጋል። ቀጣዩ ነገ ማታ ነው።» ስድስት፣ ሰባት፣ አሥር። በጣቴ አሰላሁት፤ ሦስት ሰዓት ይተርፋል። እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ በገዛ አፌ እሺ አልኩ።

ወዲያው በሩ ተከፈተና ሐሊና ካውያዋን እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች። ሹሩባዋን ተሠርታለች፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ ያበራል። «ጋሽ ሐብቴ! በዚህ ጧት? ስፒከሩን ነው?» አለች። «አዎ ልጄ፣ ስፒከሩን» አሉ፤ ሁለቱም ሊወስዱት ያላሰቡትን ስፒከር እያቃሰቱ ሦስት ፎቅ ይዘው ወረዱ። «አክስቴ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። «ሽንኩርት» አልኩ። ሽንኩርቱም አለ፤ ፓርኩ ውስጥ ለምንሸጠው ሳምቡሳ ሦስት ኪሎ ገዝቼ ነበርና ተቀምጬ መክተፍ ጀመርኩ። እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ጧት ሽንኩርት ዘመድ ሆነኝ። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ትለፈልፋለች። የባንዱ መሪ ዓለምሰገድ፣ ከበሮ መቺው፣ ከወር በፊት አንድ ነገር ብሏት ነበር፤ «ድምፅሽ ያምራል፣ ግን አንጀት አይበላም። አንቺ ስትዘፍኚ ሰው ሳምቡሳውን ነው የሚበላው።» ይህቺ ቃል ከልቧ አልወጣችም። ሌሊት ሌሊት ትራሷ ውስጥ ስትለማመድ እሰማት ነበር። «ዛሬ አንድ ሰው ባስለቅስ ይበቃኛል፣ አንድ ሰው ብቻ። ካልሆነ አቆማለሁ፣ ሲሪየስሊ ነው የምልሽ» አለችኝ። ሦስተኛውን ዘፈን ግጥሙን ራሷ ለእናቷ ጽፋዋለች። «ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ትደውይላታለሽ፣ ስልኩን ወደ ስፒከሩ ከፍ ታደርጊዋለሽ። እነሱ እዚያ ጆሮዋ ላይ ይይዙላታል። ካርድ ሞልቼልሻለሁ፣ የአምስት መቶ ሺሊንግ። እንዲያውም አሁን ልደውልላት» ብላ ስልኬን አነሳች። «ተይ፣ ተኝታ ይሆናል፣ ካርዱን አትጨርሺው» አልኳት። ስልኩን መለሰችልኝ፣ እኔም ጡቴ መሐል ከተትኩት።

ሳምቡሳውን የምንጠብሰው ከኩለሱም ጋር ነው። ኩለሱም ከፎቃችን ሥር የጨርቅ ሱቅ አላት፣ የሞያሌ ሰው ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለኝም። አንዴ አየችኝና መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደችው። ነገርኳት። «ኢና ሊላሂ» ብላ አቀፈችኝ፣ እዚያ ግማሽ ደቂቃ አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ። ከዚያ «ልጅቷስ?» አለች። «ዘፍና ስትወርድ።» ኩለሱም ከእቅፏ ለቀቀችኝና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። «አስናቀች፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በሰዓቱ ይነገራል፣ በሰዓቱ ይቀበራል። እናንተ ሐዘንን እንደ ስርቆት ዕቃ ትሸሽጋላችሁ። እሺ ሸሽጉ፣ ግን ለማን ብላችሁ ነው? ለልጅቷ ነው ለኮንሰርቱ?» እንዴት እንደተቆጣሁ! የሰው ባሕል አትንኪ አልኳት፣ አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ አልኳት፣ ያልሆንኩት የለም። እሷ መጥበሻውን መልሳ ጣደችው። ሁለት ባልዲ ሙሉ ሳምቡሳ ስንጠብስ አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም።

በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሄድን፣ ሦስታችንም፤ እስከ መሃል ከተማ ሃያ ሺሊንግ፣ ከዚያ ወደ ዌስትላንድስ ሌላ ሠላሳ። ረዳቱ ለባልዲዎቹ ተጨማሪ ካልከፈላችሁ ብሎ ተጨቃጨቀ፣ ሌላ ቀን ቢሆን ልክ ልኩን እነግረው ነበር፤ ያን ቀን ሰጠሁት። ሐሊና «ዛሬማ አክስቴ ሌላ ሰው ሆናለች» ብላ ሳቀች። በመስኮቱ የራሷን ፖስተር ባየች ቁጥር ጉልበቴን ትቆነጥጠኛለች። ፓርኩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ያምራል መቼም፤ ሣሩ ታጭዷል፣ ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ ዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ተቀምጠው የባልዲዎቻችንን ክዳን ይመለከታሉ። በጨርቅ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተደረገ መድረክ ቆሟል፤ ከፊቱ አራት መቶ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባዶ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት የስምዖን እናትና ሁለት የመንደሩ ሽማግሌ ኬንያውያን ናቸው። ጄኔሬተሩ መንገድ ላይ ነው ተባለ። ሰባት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ መጣ፣ ሠላሳ ሰውም መጣ። ሕይወቴን ሙሉ በሰዓቱ የተጀመረ የሐበሻ ፕሮግራም አይቼ አላውቅም፤ ሰርግ ቢሉ፣ ስብሰባ ቢሉ፣ አንዱም። ታዲያ ያን ጧት «ስድስት ሰዓት» ሲሉኝ እንዴት ብዬ እንዳመንኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያመንኩት ሳይሆን ማመን የቀለለኝ ይሆናል።

ስምንት ሰዓት ላይ ፓርኩ ሞላ። የኤምባሲው ሰውም፣ የድርጅት ሠራተኛውም፣ የኢስትሊው ነጋዴም ከነልጆቹ መጣ፤ ሁሉም ነጭ በነጭ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። ሴቶቹ ወደ ሳምቡሳዬ ይመጡና፣ አንድ ይገዙና፣ እጄን ጨብጠው አይለቁኝም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ይሄዳሉ። የአንዷ ቦርሳ ተከፍቶ ጥቁር ሻሽ ተጣጥፎ አየሁ፤ ለኋላው ይዛው መምጣቷ ነው። ሐሊናን ሰላም የሚሏት ሁሉ አቅፈው ይቆያሉ፣ እሷ ደግሞ «ዛሬ ሰው እንዴት ወዶኛል!» ትላለች። እንግዲህ አራት መቶ ሰው ያውቃል፣ የማታውቀው የሐዘኑ ባለቤት ብቻ ናት። አቶ ሐብተማርያምን በድንኳኑ ገመድ መሐል ሳሳድድ አገኘኋቸው። «ሰዓቱ እኮ ሄደ! ያውጧት እንጂ፣ ትዝፈንና ትገላገል!» አልኳቸው። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ላብ አጥምቋቸዋል። «ክቡር እንግዳው ሳይመጡ እንዴት ይጀመራል? መንገድ ላይ ናቸው፣ ዌስትላንድስ ትራፊክ ይዟቸው ነው። አሥር ደቂቃ፣ አስናቀች፣ በሞቴ አሥር ደቂቃ!» እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው፤ አሥር ደቂቃ፣ ደግሞ አሥር ደቂቃ። ኩለሱም ከባልዲው ኋላ ሆና ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አልቻልኩም፣ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ድንኳን ገባሁ። ልነግራት ነበር የገባሁት፤ ይህን እግዜር ያውቅልኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረን፤ ወደ ኤርፖርት ቅዳሜ ከሰዓት አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሐሊና የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባዶ እግሯን ሣሩ ላይ እያሸች። እንዳየችኝ ሁለት እጄን ያዘችኝ። «አክስትዬ፣ ፈራሁ። እማዬ እየሰማችኝ ቢጠፋኝስ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። «ሐሊናዬ» አልኩ። «አቤት» አለች፣ ቀና ብላ። ያቺን ፊት እናቷ ናት የሰጠቻት፤ አገጯ፣ ቅንድቧ፣ ሁሉም የጽጌረዳ ነው። እኔ የሰው መርዶ ሳረዳ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት፣ ብቻዬን ሆኜ፣ ሰው ሳይከበኝ፣ ለአንዲት ልጅ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። ለካ እስከ ዛሬ መርዶ የምነግረው እኔ አልነበርኩም፣ ሰልፉ ነበር። «መቀነትሽ ላልቷል» አልኳትና ጎንበስ ብዬ አጠበቅኩላት። ከድንኳኑ ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። ብዙ ሰው ለዚያ ቀን የሚያማው አቶ ሐብተማርያምን ነው፤ እኔ የማማው ያቺን ሩብ ሰዓት ነው።

ክቡር እንግዳው በዘጠኝ ተኩል መጡ። ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፣ ዘግይተው ስለ መምጣታቸው ይቅርታ ጠየቁና ስለ አዲሱ ሺህ ዓመት ከወረቀት አነበቡ። ከዚያ አቶ ሐብተማርያም ስለ ማኅበሩ ተናገሩ። ከዚያ የምስጋና ወረቀት ለሰባት ሰው ታደለ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ተነሣ። እኔ ስምዖንን ነው የማየው። ኪቦርዱ ኋላ ቆሞ የግራ እጁን ያነሣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ያወርዳል፤ ደግሞ ያነሣል። አቶ ሐብተማርያም በመጨረሻ «አሁን የምትወዷት ድምፃዊታችን» ብለው ሲጠሯት ስምዖን ሰዓቱን አየና ሁለተኛ አላነሣውም። ኩለሱም አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አሥር ከአምስት» አለች። ቁጣም የለበትም፣ ደክሟት ነው የተናገረችው።

ሐሊና የጀመረችበት ዘፈን የጭፈራ ነው፤ እስክስታ የሚያስወርድ። ሁለተኛውም የጭፈራ ነው። ግን የተነሣ ሰው የለም። ሳምቡሳ የሚበላም የለም። አራት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ እያጨበጨበ ያለቅሳል፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወንዶቹ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች፣ መድረኩ ላይ ወጥታ ሽልማት ግንባሯ ላይ ለጠፈችላት፣ ስማት፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወረደች። ሌላዋ ተከተለች። ሰልፍ ሆነ፤ ብር ይለጥፋሉ፣ ይስማሉ፣ ያለቅሳሉ። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ሐሊና ግን ፊቷ ፈካ፤ እንደዚያ ፈክታ አይቻት አላውቅም። ድምፅዋም፣ ልንገራችሁ፣ ድምፅዋ ሌላ ሆነ፤ የተወደደ ሰው ድምፅ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ስልኩን አወጣሁ። ቁልፎቹን የነካካሁ መሰልኩ፣ ከጭንቅላቴ በላይ አነሣሁት፤ የትም አልደወልኩም። የት ልደውል? ለቅሶ ቤት ውስጥ ዘፈን ላሰማ?

«አደይ ፈካ አሉኝ ሰዎች ሰሞኑን፣
አንቺን ሳላይ በምን ልመን ክረምቱ መውጣቱን»

ስትል ዓለምሰገድ፣ ያ አንጀት አይበላም ያላት፣ ከበሮውን መምታት አቁሞ ግንባሩን በክንዱ ደገፈ። ስምዖን ብቻውን እየተጫወተ ጨረሰው። እኔ እጄ እስኪዝል ድረስ ያልተደወለበት ስልክ ይዤ ቆሜያለሁ።

እየሮጠች ነው የወረደችው። ግንባሯና አንገቷ ላይ ብሩ ተጣብቋል፣ ከኋላዋ ይረግፋል፣ አታነሣውም። «አክስቴ! አየሻቸው? አየሻቸው ሰዎቹን? ዓለምሰገድ አለቀሰ እኮ! ዓለምሰገድ ራሱ!» ብላ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «እማ? እማዬ፣ ሰማሽኝ?» ዝም። ስልኩን አየችው። «ተቋረጠ» አልኩ። «ግድ የለም፣ እኔ እደውላለሁ» ብላ ቁጥሩን መንካት ጀመረች። ከኋላዋ አቶ ሐብተማርያም በችኮላ ሲመጡ አየሁ፤ ጣታቸውን እያወዛወዙ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ «ነገ ጧት፣ ነገ ጧት፣ እንደ ደንቡ» ይሉኛል። አውሮፕላኑ ካመለጠ ዘንድ እንግዲህ ጎህ ይጠበቅላት ማለታቸው ነው። እሷ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ስትነካ እጇን ያዝኩ።

«አትደውዪ ልጄ» አልኳት። «እማዬ አታነሣም።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደሆነ ደርቃ ቀረች። ጽጌረዳም እንዲሁ ነበረች፣ ስትደነግጥ ባለችበት ትደርቃለች። «መቼ?» አለች። «ትናንት ማታ።» «ቀብሩስ?» «ነገ፣ ስድስት ሰዓት።» ያን ጊዜ፣ የማልረሳው ይህን ነው፣ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ትንሽ ተስፋ መጣ። ወደ ስምዖን ዞረች። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረራ አለ አይደል? አንተ ቦታ ታገኝልኛለህ፣ አሁን ከወጣን እንደርሳለን» አለችው፣ ጫማዋን በዓይኗ እየፈለገች። ስምዖን ከኪቦርዱ ኋላ አልወጣም። «ተዘግቷል፣ ሐሊና። አሥር ሰዓት ላይ ተዘግቷል» አለ። «አንተ በምን አወቅህ?» አለችው። ስምዖንን አየች፣ አቶ ሐብተማርያምን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ ወንበሮቹ ዞረች። ያየችው ሰው ሁሉ አቀረቀረ፣ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ። ባለ ጥቁር ሻሿ ሴት ሻሿን አውጥታ አሠረችና «ወዮ!» ብላ ጀመረች፤ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለው ለቅሶ ፓርኩን ሞላው፣ ጦጣዎቹ ዛፉን ጥለው ሸሹ። የፓርኩ ዘበኛ ጠብ የተነሣ መስሎት እየሮጠ መጣ። ኩለሱም በስዋሂሊ ነገረችው። ኮፍያውን አወለቀ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሐሊና ሄዶ «ፖሌ ሳና» አላት፣ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። ያን ቀን ሳይዞር ሳይጠመዝዝ ፊት ለፊት ያዘነላት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ የቀረውን አንዱን የብር ኖት በላብ እንደራሰ ላጠችው፣ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እኔም ተቀመጥኩ። አንድ ሺህ የምላት ነገር ነበረኝ፤ ሽንኩርቱን፣ ድንኳኑን፣ ያቺን ሩብ ሰዓት።

«ታዲያ ያለቀሱት ለዘፈኑ አልነበረማ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

ለዘፈኑም ነው ልላት ይገባ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ስንቱን ስዋሽ የዋልኩ ሴት፣ የሚጠቅማትን አንዱን ውሸት ስትጠይቀኝ አፌ አልታዘዝ አለኝ።